ፈቃድ ላይ ያለው ሰው

ትምህርት ቤቱ «ልጆች ነገ ክታብ ይዘው ይምጡ» ብሎ ያስነገረ ዕለት የድሬዳዋ እናቶች ግማሾቹ ደብተራ ቤት፣ ግማሾቹ ሼክ ቤት ሮጡ። በማግስቱ ልጆቹ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ክፍል ገቡ። መምህሩ ከየመን፣ ከሁዴዳ የመጣ ዐረብ ነበር፤ እሱ የፈለገው መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ የያዘ አንድም ልጅ አልነበረም፤ ከቡዳ ዓይን ግን ሁሉም ተጠብቀው ተቀምጠዋል። ከተማው ጥቂት ቀን ሳቀበትና ረሳው። እንዲህ ያለ ነገር በየጊዜው ስለሚያጋጥም ብዙም የሚደነቅበት አልነበረም።

ሁሉም የሆነው ግንዱ የሚባለው አስተርጓሚ ማሽን ከመጣ ወዲህ ነው። የቀይ ባሕር ዙሪያ አገሮች ተስማምተው ካቆሙት በኋላ ሰው ሁሉ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ይውላል። ዐረቡ በዐረብኛ፣ ዕብራዊው በዕብራይስጥ፣ የአስመራው በትግርኛ ያወራል፤ ሰሚው በገዛ ቋንቋው ይሰማል። ግንዱ እንደ ድሮዎቹ ማሽኖች ፍቺ ፍለጋ አይደክምም። ከአንድ ሥር የበቀለ ቃል ባገኘ ቁጥር ፍቺውን ትቶ ወንድሙን ቃል አንሥቶ ያቀብላል። ወንድም የሌለውን ብቻ እንደ ወትሮው ይተረጉማል። «ሥራችን አንድ ነው» ይላል በየባቡር ጣቢያው የተለጠፈው መፈክር። ጎረቤት በር አንኳኩታ «ላም አለሽ?» ካለች፣ የመናዊት ከሆነች ሥጋ፣ ዕብራዊት ከሆነች ዳቦ ፈልጋ ነው፤ የቱ እንደሆነ ከፊቷ መገመት የሰሚው ፈንታ ነው። ሙሉ ትርጉም የሚገኘው ፍርድ ቤትና ሕክምና ቤት ብቻ ነው። ድሮ የድሬ ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ አምስት ቋንቋ ያወራ ነበር ይባላል። አሁን ግን የሚያወራለት ጆሮው ውስጥ ስላለ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር የለም።

ሃሴት ሸራ ሰፊ ናት። ሙቀቱ ከከፋ ወዲህ የድሬ መንገዶች ሁሉ በሸራ ጥላ ስለተሸፈኑ፣ የተቀደደውን ከሚጥፉት፣ የሳሳውን ከሚለውጡት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ቤቷ ሳቢያን ሰፈር ነው። ባሏ ያፌት ጠላቂ ነው። የከተማው ውሃ ከባሕር ይመጣል፤ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ የጨው ማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ ያፌትና ጓደኞቹ እየወረዱ የመምጠጫ ቱቦዎቹን አፍ ከባሕር ሣር ያጸዳሉ። ለወራት ሠርቶ ለጥቂት ሳምንት ቤቱ ይመጣል። ቤት ሲሆን ዝምተኛ ነው፤ ጣቢያ ሲሆን ግን እሑድ እሑድ እየደወለ ስለ ዓሦቹ ያወራላታል። ሃሴት ዓሣ አትወድም፤ ወሬውን ግን ትወደው ነበር።

በኅዳር አንድ እሑድ ሳይደውል ቀረ። በማግስቱም ዝም ሲል ሃሴት ራሷ ጣቢያው ደወለች። አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ አነሣ፤ ማዳመጫዋ ቃሉን ጥርት ባለ አማርኛ አቀረበላት።

«ያፌት ፈቃድ ላይ ነው።»

ደስ አላት። ሳይነግራት መጥቶ ሊያስደንቃት ያሰበ መሰላት። ጸጉሯን ተሠራች፤ የሚወደውን የሽምብራ ዓሣ ሠራች፤ ለገሃር ወርዳ ከባሕር የሚመጣውን ባቡር ጠበቀች። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ። በማግስቱም ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ጸጉሯ ሲፈርስ አላሠራችውም።

እንደገና ስትደውል መልሱ ያው ነበር። «እስካሁን ፈቃድ ላይ ነው።» ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ያፌት ፈቃድ ላይ ነው። የዚያ ሰውዬ ድምፅ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየለዘበ፣ እየከበደ ሄደ። በመጨረሻው ላይ ቃሉን የሚናገረው እንደሚለምን ሰው ነበር። ሃሴት ይህን ለዛ ሌላ ነገር አደረገችው። ባሏ የት እንደገባ የሚያውቅ፣ ለእሷ ግን ማውጣት ያፈረ ሰው ድምፅ መሰላት።

ጎረቤቷ ዘይቱና ነገሩን አላድበሰበሰችም። አብረው ሸራ እየጣፉ ሳለ መርፌዋን አቁማ፣ «አንቺ ሃሴት፣ የማያልቅ ፈቃድ የት አገር ነው ያለው?» አለቻት። «ወንድ ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ ካልመጣ ሌላ ቤት አለው ማለት ነው። ወይ አልቅሺ፣ ወይ እርግፍ አድርጊው፤ ግን ለገሃር መመላለሱን ተይው። ሰው እየሳቀብሽ ነው።»

«ያፌት እንዲህ አያደርግም።»

«የማያደርግ ወንድ አሳዪኝና አገባዋለሁ።»

ሃሴት ወደ ሸራዋ ተመለሰች። ነገሩን ስታወጣ ስታወርደው ጭራና ቀንዱ ይጠፋባታል። ያፌት ሊከዳት ይችላል ብላ ስታስብ ፊቱ አልመጣ ይላታል፤ አልከዳኝም ስትል ደግሞ ያ ፈቃድ የሚሉት ነገር ከፊቷ ይደቀናል። በመጨረሻ ቁጣው አሸነፈ። ልብሱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ለዘይቱና ወንድም ሰጠችው። ከዚያ ሰውየው የያፌትን አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ በመንገዱ ጥላ ሥር ሲያልፍ ከኋላው አየችውና ልቧ ዘሎ አፏ ውስጥ ገባ። ዞር ሲል ሌላ ፊት ነው። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ለጣቢያው የድምፅ መልእክት ላከች።

«ያፌት፣ እኔ ነኝ። ፈቅጄልሃለሁ። ሰምተሃል? በቃ፣ ፈቅጄልሃለሁ።»

መልስ የመጣው በሚያዝያ ነው። ያው ጎርናና ድምፅ ነበር።

«መልእክትሽን ሰማን። ሁላችንም ተሰብስበን ሰማን። እኛም ፈቅደነዋል። እባክሽ ወደዚህ ነይ፤ አንድ ቃል ከራስሽ አፍ መስማት አለብን።»

ሃሴት ደጋግማ ሰማችው። ዘይቱና ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው የገባት። «በሽማግሌ ፊት ልቀቂው ሊሉሽ ነው» አለች። «ጓደኞቹ ፈቅደውለታል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሂጂና በዓይንሽ እዪው። ሴቲቱንም እዪያት።»

ሄደች። በባቡሩ መንገድ ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ ዋለች። ከባቡሩ ወርዳ ጀልባ ስትይዝ አንድም የሚረባ ዐረፍተ ነገር አልነበራትም። ጣቢያው ከሩቅ ሲታይ ዝገት የበላው፣ ረጅም እግር ያለው የገበያ አዳራሽ ይመስላል። መሰላሉን ወጥታ ወለሉ ላይ ስትቆም ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው ነበር። ቆባቸውን አወለቁ። አንዱ ፊቱን አዞረ። ማፈራቸው ነው ብላ አሰበች፤ ለአንድ አፍታም አዘነችላቸው።

ባለ ጎርናናው ድምፅ ወደ ፊት መጣ። ዐብዱልባሪ ይባላል፤ የጠላቂዎቹ አለቃ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የሰፋ የሁዴዳ ሰው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት፤ ሰላም ብቻ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

«ባለቤቴ የት ነው?» አለችው።

«ፈቃድ ላይ ነው» አላት ማዳመጫው። የሰውየው ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«እሱንስ ስሰማ ከረምኩ። የት ሄዶ ነው?»

ዐብዱልባሪ ጣቱን ወደ ባሕሩ ዘረጋ። «ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ፈቀድነው።»

«ማነው የፈቀደለት?»

«ሁላችንም ፈቀድነው። እኔ ሁለት ልጆች ፈቅጃለሁ፤ እናቴን በልጅነቴ ፈቅጃለሁ። እንደዚህኛው ግን የከበደኝ የለም።»

ሃሴት ዙሪያዋን አየች። ሴት የለችም። የሚያሾፍም የለም። አንድ ወጣት ጠላቂ ሁለት ጆሮው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። የጠላቂዎቹ መኝታ ክፍል በሩ ክፍት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው አልጋ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ራስጌው ላይ የያፌት መነጽር ተቀምጧል። ያለዚያ መነጽር ያፌት ሦስት እርምጃ አይሄድም።

«መነጽሩን ትቶ ነው ፈቃድ የወጣው?» አለች፤ ለራሷ ነበር የምትናገረው።

ዐብዱልባሪ ግራ የገባት መሆኑን አየ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ፤ እሷም እንድታወጣ በእጁ ጠቆማት። አወጣች። ቀስ ብሎ፣ አፉን እያሳያት፣ በገዛ ቋንቋው አንድ ቃል አላት። «መፍቁድ።» ደገመው። «ያፌት መፍቁድ።»

ፈቃድ ነው የሰማችው። ያለ ማሽኑም፣ በባዶ ጆሮዋም፣ ያው ፈቃድ። ሰውየው በሁለት መዳፉ ባዶ አየር አሳያት፤ እሷ ግን ያን ምልክት እንኳ «ተለቋል» ብላ ነው ያነበበችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አለቃው ተጨነቀ፤ ግራ ቀኙን አየና አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ክንዷን ይዞ አነሣት፤ ወደ ጣቢያው ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ ሙሉ ትርጉም ይፈቀዳል።

ሐኪሟ ፍረወይኒ የምትባል የምፅዋ ሴት ነበረች። ሃሴትን አልጋ ላይ አስቀምጣ ውሃ ሰጠቻት፤ ሁሉም ማዳመጫቸውን መልሰው ሰኩ። አለቃው በሩ ላይ ቆሞ እንደገና ተናገረ። በዚህ ጊዜ ማዳመጫው ቃሉን ለመስጠት አፍታ ዘገየ።

«ያፌት ጠፍቷል» አላት። «በኅዳር የታችኛውን ቱቦ ሊያጸዳ ወረደ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ ማዕበሉ ወሰደው። ሳናገኘው ቀረን። ይህንኑ በደወልሽ ቁጥር ነግሬሻለሁ።»

ሃሴት የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ከዚያ የተናገረችው ቃል ለእሷም እንግዳ ነበር።

«እኔ እኮ ሌላ አግብቷል ብዬ ነበር።»

ፍረወይኒ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለች። «ይኼ ቃል ከዚህ በፊትም ሰው አሳስቶብኛል። ስለዚህ የሚያውቁትን ጠይቄ ነበር። ዐረቡ ሰው ሲያጣ ፈቀደ ይላል። ዕብራዊው ሰው ሲቆጥር ነው የሚለው። የባቢሎን ሰዎች አደራ ሲሰጡ ይሉት ነበር አሉ። እኛ ስንፈልግ ፈቀድን እንላለን፤ ሌላውን እንዲሄድ ስንተወውም ያንኑ። ሁሉም አንድ ቃል ነው።»

«እንዴት አንድ ይሆናል? መፈለግና መልቀቅ እንዴት አንድ ይሆናል?»

«እኔም ጠይቄ ነበር። አንዱ የመለሰልኝ እንዲህ ነው። አደራ የተሰጠህን ትቆጥራለህ። ስትቆጥር ይጎድልብሃል። የጎደለብህን ትፈልጋለህ። ከዚያ የፈለግኸውን ትሻለህ፤ እሺ ማለት የሚችለውም የሚሻ ሰው ነው። ሐሳቡ ይኼ ነው፤ ልክ ይሁን አይሁን የሚያውቁትም አይስማሙበትም። ቃሉ እየተጓዘ እያንዳንዱ አገር አንዳንድ ቁራጩን አስቀርቷል።»

ሃሴት ይህን ሁሉ ሰማች፤ ያዝኩት ስትል ያመልጣታል። አንድ ነገር ብቻ ጎልቶ መጣባት።

«የላክሁትን መልእክት ሰዎቹ ምን ብለው ሰሙት?»

ፍረወይኒ አለቃውን ጠየቀችው። ዐብዱልባሪ አንገቱን ደፍቶ መለሰ። «‹አጥቼሃለሁ› ነው የሰማነው። ‹ያፌት፣ እኔ ነኝ። አጥቼሃለሁ። ሰምተሃል? አጥቼሃለሁ።› ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጣቢያው ፍለጋውን ካቆመ ቆይቷል፤ ጠላቂ ልጆቹ ግን ያን ቀን ከሰሙሽ በኋላ መፈለጉን አናቆምም አሉ። በየዕረፍታቸው ይወርዳሉ። በጣም ወደ ታች ነው የሚወርዱት። ባለፈው ኢልያስ ከሁለት ጆሮው ደም እየፈሰሰ ወጣ። ነገም እወርዳለሁ ይላል።»

ግድግዳውን ተደግፎ ያየችው ወጣት ትዝ አላት።

«በንዴት ነው የላክሁት» አለች ሃሴት በአማርኛ፣ ፍረወይኒን ብቻ እያየች። «ሂድልኝ ብዬ ነው። አልፈልግህም ማለቴ ነበር።»

ማዳመጫው ቃሏን ለአለቃው ሊያቀብል ሲል ፍረወይኒ አገደችው፤ በክሊኒኩ ውስጥ ይህን ማድረግ ትችላለች። «ይድረሳቸው?» አለቻት።

ሃሴት አሰበች። እውነቱ የትኛው እንደሆነ ፈልጋ አጣችው። ያን ቀን በሩን ዘግታ ስትናገር ተቆጥታ ነበር፤ ይህ የማያጠራጥር ነው። ግን ጃኬቱን ከኋላ አይታ ልቧ የዘለለው ቀደም ብሎ ነው። ሂድልኝ ያለችው የትም እንዳልሄደባት፣ እንደሚመለስ ሰው አድርጋ ነው። ታዲያ እነዚያ ጠላቂዎች የሰሙት ውሸት ነው? እሷ ያለችው ነው ውሸቱ? ሁለቱንም በአንድ አፍ፣ በአንድ ቃል ብላለች።

«ተይው» አለች። «ከእኔ የምትፈልጉት ቃል ምንድን ነው?»

ዐብዱልባሪ ነገራት። በጣቢያው ሥርዓት የጠላቂው ስም በየጠዋቱ ቆጠራ ላይ ይጠራል፤ የጠፋም ቢሆን ይጠራል፤ መጠራቱ የሚቀረው የቤቱ ሰው በቃ ሲል ነው። ስሙ እስከተጠራ ድረስ ልጆቹ ይወርዳሉ። እሱ አለቃቸው ነው፤ ሊያዝዛቸው ይችላል፤ ግን በዚህ ነገር እንደማይሰሙት ያውቃል። ራሱም ቢሆን ሁለት ጊዜ ወርዷል።

«አላስገድድሽም» አለ። «ይፈለግ ካልሽ ይፈለጋል።»

እንድታስብበት እስከ ጠዋቱ ቆጠራ ድረስ ጊዜ ሰጧት። የያፌት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መነጽሩን ስትወለውል ኢልያስ መጣ። ለካ እሱ የሐረር ልጅ ነው፤ ከድሬ ጎረቤት፤ አማርኛ አይችልም፤ ያፌት ግን ዓሣ የሚጠራባቸውን ስሞች በአማርኛ አስተምሮታል። እነሱን አንድ በአንድ ቆጠረላት። ግማሾቹ ስም አይደሉም፤ ያፌት በስልክ ሲያወራላት ፈጥሮ የሚለጥፍባቸው ናቸው፦ ኮስታራው፣ ሙሽሪት፣ ጢሞ። ሃሴት ሳቀች፤ ከዚያ ከኅዳር ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ኢልያስ ጆሮው ስለታሸገ ልቅሶዋን አልሰማም፤ አይቶ ግን አጠገቧ ተቀመጠ። ከጨርቁ ሥር ደሙ ደርቆ ይታያል። ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም።

ጠዋት ጠላቂዎቹ ወለሉ ላይ ተሰለፉ። ማዳመጫ ያደረገ የለም፤ ስም ለመጥራት ግንዱ አያስፈልግም። ሃሴት ከፍረወይኒ ጎን ቆመች። ዐብዱልባሪ በቃሉ እየጠራ ሄደ፤ ሰዎቹ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው መለሱ። «ሐዲር» አለ አንዱ። «ሂኔኒ» አለ ሌላው። «አለኹ» አለ ሦስተኛው።

«ያፌት።»

ማንም አልመለሰም። የሚሰማው ውሃው ከብረቱ እግር ጋር ሲላጋ ብቻ ነው። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ኢልያስ ቀና ብሎ ወደ ባሕሩ ያያል፤ የመጥለቂያ ልብሱን ገና ከአሁኑ ለብሷል።

ሃሴት ስትዘጋጅበት ያደረችው ቃል ነበራት። ፈቅጃለሁ ልትል ነበር፤ እንዴት እንደሚሰሙት አላወቀችም፤ እንዴት ብላ እንደምትለውም አላወቀችም። አጥቻለሁ ልትል አሰበች፤ ያ ደግሞ ገና ከትናንት ጀምሮ የያዘችው፣ ያልለመደችው ቃል ነው። ዐብዱልባሪ እያያት ይጠብቃል። ስሙን ሁለተኛ አልጠራም።

«የለም» አለች።

ቃሉን የሚያውቅ ከመካከላቸው ስንት እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። ኢልያስ ከባሕሩ ዞሮ ፊቷን አይቶ ነው የተረዳው። የልብሱን ዚፕ ቀስ ብሎ እስከ ወገቡ ከፈተ።

ዐብዱልባሪ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።